ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ

እንቅልፍ ካየሁ ሁለት ሌሊት አልፎኛል፤ ይህ ፕሮግራም ግን ጠግቦ ተኝቶ እንደ ተነሣ ሰው ደስ ብሎት ይሠራል። «እባክዎ ይጠብቁ» ይለኛል በዚህ በሰው አገር ቋንቋ፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ አክብሮ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ እጠብቃለሁ። ቅዳሜ ነው፣ እኩለ ቀን፣ ውጭ ፀሐይ ሳይኖር አይቀርም፣ እዚህ ምድር ቤት ግን መስኮት የሚባል ነገር ስለሌለ ጠዋትም ከሰዓትም ያው ነጭ መብራት ነው፤ ማንም ና አላለኝም፣ ቅዳሜ ሥራ የለም፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣራ ከምቆጥር ብዬ መጣሁ፣ ደግሞ ውሸቴን ነው፣ ለሌላ ነገር ነው የመጣሁት፣ እሱን ግን ቆይቼ እደርስበታለሁ፣ አስቀድሜ ይህችን ስንዴ ልጨርስ። ሥራው ይህ ነው፤ ሲያወሩት ሳይንስ፣ ሲሠሩት አጠባ። ስንዴው በቱቦ ውስጥ ይበቅላል፣ አርባ ቀን ሲሞላው ከነአፈሩ ይመጣልኛል፣ እኔ ወንፊት ላይ አድርጌ በቀጭን ውሃ አጥበዋለሁ፣ አፈሩ ሲሄድ የሚቀረው የአሮጊት ፀጉር የመሰለ ጭብጥ የማይሞላ ነጭ ነገር ነው፤ እሱን ትንሽ ውሃ በያዘ የመስታወት ሳህን ላይ አንሳፍፌ፣ በመቆንጠጫ አንዱን ከአንዱ እያላቀቅሁ እዘረጋዋለሁ፣ ተደራርቦ ከተነሣ ማሽኑ ሁለቱን አንድ ብሎ ይቆጥራልና። ከዚያ ሳህኑን እንዳለ ስካነሩ ላይ አስቀምጬ ክዳኑን እዘጋለሁ፣ ብርሃኑ ሄዶ ይመለሳል፣ ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ይመጣል፣ ፕሮግራሙ ሥሩን ሁሉ በቀይ መስመር እየተከተለ ይስለውና በመጨረሻ ቁጥር ይተፋል። አሥራ ስምንት ሜትር ከሃያ ሁለት። ይቺ ሚጢጢ ስንዴ አሥራ ስምንት ሜትር ሥር አላት ሲባል ጎብኚዎች አፋቸውን ይይዛሉ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለካ ኖሬ አንድም ቀን አልገረመኝም።

የሚገርመኝ ማሽኑ ምን ያህል ቂል እንደሆነ ነው። ባለፈው ዓመት የገዛ ሽፋሽፍቴ ውሃው ላይ ወድቆ ስምንት ሚሊ ሜትር ሥር ተብሎ ተመዝግቧል፤ በዚህ አገር ሰነድ ላይ በትክክል የሰፈረ የሰውነቴ ክፍል ቢኖር እሱ ነው። ጓንቱ ስነግረው አልሳቀም። ጓንቱ የምለው አብሮኝ የሚሠራውን ነው፤ ጓንት ሳያደርግ በር እንኳ አይከፍትም፣ ሻይ ሲጠጣም አንደኛው እጁ ላይ አለ፣ ሽፋሽፍቱ መረጃውን ይበክላል ብሎ ለፕሮፌሰሯ ደብዳቤ ጻፈ፣ እሷም መልስ ጻፈች፣ ሁለቱም ተቃቅፈው የሚጽፉ ይመስል በሁለት ቀን ስድስት ደብዳቤ ስለ አንድ ሽፋሽፍት። ፕሮፌሰሯ ደግሞ እጇ የሥር ውሃ ነክቶ አያውቅም፣ ግን ሥር በሚል ርዕስ ስትናገር አዳራሽ ይሞላላታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከኋላዬ ቆማ፣ ሽቶዋ ከአፈሩ ሽታ ጋር እየተጣላ፣ «ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ነገር የስንዴ ሥር ሊሆን አይችልም፤ ገለባ ነው፣ ጠጠር ነው፣ ቆሻሻ ነው፤ እንዳይቆጥረው አድርግ» አለችኝ። ፕሮግራሙ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፕሮግራሙ ከሁለት ሚሊ በላይ የሆነውን ሁሉ ግራጫ ይቀባውና አልፎት ይሄዳል፤ «ሥር ያልሆነ ነገር» ይለዋል። እኔም ያቺን ሳጥን ረሳኋት። በሥራ ላይ ሰው የሚረሳው ራሱ ያደረገውን ነው፤ ሌላው ያደረገውንማ ማን ይረሳል።

ወንድሜ ዶክተር ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ዶክትሬቱ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው የቆመው፣ አስተማሪዬ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ እኔ የትም አልሄድኩም፣ ሥር አጣቢ ሆኜ ቀረሁ፤ ይህንን ለቤት ሰው እንዴት ይነግሩታል፣ ስልክ ላይ «እንዴት ነው ሥራ፣ ዶክተር?» ሲሉኝ «ጥሩ ነው» እላለሁ፣ ጥሩ ነው ማለት ውሸት አይደለም፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ ራሳቸው ናቸው የሾሙኝ፣ እኔ ሹመቱን አልመለስኩም እንጂ አልጠየቅሁም። ታላቄ ነው፣ ግንበኛ ነው፣ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ የአባታችንን የግንበኛ ማንኪያና ቱምቢ አነሣና እኔ እንድማር እሱ ድንጋይ ተሸከመ፤ ይህንን ሁልጊዜ አውቃለሁ፣ ማወቄም ያናድደኛል፣ ውለታ ያለበት ሰው ውለታ የዋለለትን ሰው መውደድ የሚከብደው ለምንድን ነው? ስልክ ሲደውል «ሃሎ» ሳይሆን «ሃሎ ሃሎ ሃሎ» ይላል፣ መስመሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ይጮኻል፣ «ኢንተርኔት» ማለት አይችልም፣ ፎቶ ሲያነሣ የጫማውን ጫፍ አብሮ ያነሣል፤ እኔ ደግሞ ይህንን ሁሉ እየቆጠርኩ እሰበስባለሁ። ጋሼ እለዋለሁ። ጋሼ እያልኩ እንቀዋለሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይላሉ፣ ግድግዳ ሲቆም ሲወድቅ ሠላሳ ዓመት ያየ ሰው እቤታችን ተቀምጦ እናቴ ስለ ግድግዳ እኔን ትጠይቃለች፣ ባሕር ማዶ ያለሁትን፣ የገዛ ክፍሌን ግድግዳ ምስማር መምታት የተከለከልኩትን።

አራት ወር ሆነው። ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፤ እዚሁ ወንበር ላይ ነኝ፣ እጄ እርጥብ ነው፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤዋለሁ።

«ሃሎ ሃሎ ሃሎ፣ ዶክተር! ያ የጓሮው ሾላ መሠረቱን ሊያነሣብን ነው። የእማዬ መኝታ ቤት የኋላ ግድግዳ ተሰንጥቋል።»

«ምን ያህል?»

«ክንድ ተኩል አይሆንም ብለህ ነው? ብቻ እኔ የምለው፣ ሾላውን እንቁረጠው፣ እማዬን እኔ ጋ ላምጣት፣ ዝናቡ ሳይጠና ግድግዳውን አፍርሼ እንደገና ልሥራው ነው።»

«እማዬ ምን አለች?»

«የዶክተሩ ቃል ሳይመጣ ከሾላው አንድ ቅርንጫፍ አይነካም፣ እኔም ከቤቴ ንቅንቅ አልልም አለች። እሷን ታውቃት የለ።»

ዶክተሩ ደስ አለው። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ፣ በዚህ አገር ከአውቶቡስ ሾፌር ጀምሮ ማንም ቃሌን ጠብቆ አያውቅም፤ ጓንቱ እንኳ የነገርኩትን ሄዶ ሌላ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሾላ የሚባል ዛፍ ሥሩን በሕይወቴ ለክቼ የማላውቅ ሰው፣ ግንበኛውን ቆፍር ብዬ አዘዝኩት። በዛፉና በግድግዳው መሀል ቦይ ቆፍረህ ሥሩን ግለጠው፣ ሜትርህን ዘርግተህ አጠገቡ አስቀምጥ፣ ከላይ ሆነህ ፎቶ አንሣና ላክልኝ፣ ግድግዳውንም ከነመስኮቱ አንሣው። ወገቡን ያመዋል፣ አውቃለሁ፣ ሁለት ቀን ቆፈረ። አሥራ አንድ ፎቶ መጣ፣ በስምንቱ የጫማው ጫፍ አለ፣ ጭቃው የቦዩን ጠርዝ ይዞ ጠቁሯል፣ ጥላው ተጋድሟል፤ ለእኔ ሥራ የማይመጥን ፎቶ ነው ብዬ ከንፈሬን መጥጬ፣ በሁለት ሳህን ስንዴ መሀል ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባሁት። አራት ደቂቃ። ቀያዮቹ መስመሮች ከዛፉ በኩል ተነሡ፣ እንደ ሸረሪት ድር ተበተኑ፣ ወደ ግድግዳው አቀኑ፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሲቀራቸው አለቁ። ቁጥሩን አየሁ። ፎቶውን አላየሁም። ይህ ነው እንግዲህ ሙያ የሚባለው፣ ቁጥር ካለህ ዓይን አያስፈልግህም።

«ጋሼ፣ ሥሩ ግድግዳው ጋ አይደርስም። ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው አልቋል።»

«ያ ወፍራሙስ?»

«የቱ ወፍራም?»

«በሦስተኛው ፎቶ በስተግራ በኩል ያለው፣ ክንዴን የሚያክለው።»

«እሱ የውሃ ቧንቧ ነው።»

«ቧንቧውን የቀበርኩት እኮ እኔ ነኝ ዶክተር። በዚያ በኩል አላለፈም።»

«ጋሼ፣ ማሽን አይዋሽም። ስንጥቁ የግንባታ ስንጥቅ ነው።»

ለማን ነው እንዲህ ያልኩት? ራሱ ለገነባው ሰው። ያን ግድግዳ ሲሠራ ውሃ ልክ ይዤለት የቆምኩት እኔ ነኝ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ቱምቢውን አንጠልጥሎ በአንድ ዓይኑ እያየ ሦስት ጊዜ ያፈረሰውን መደዳ አስታውሳለሁ፣ «እናት የምትተኛበት ነው» እያለ። «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለ፣ አንድ ነገር ሊጨምር «ግን እኮ ዶክተር፣ ስነካው» ሲል «ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ» ብዬ ዘጋሁት። ሥራ ላይ አልነበርኩም፣ ሳህኑ አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ለእናቴ በማግስቱ ራሴ ደወልኩ፣ «አትንቀሳቀሺ፣ ምንም አይደለም፣ ጋሼ ዝም ብሎ ነው» አልኳት፣ እሷም «እኔስ ምን አልኩት፣ የተማረ ይግደለኝ» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ያሉት እሑዶች። እሑድ እሑድ እደውላለሁ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ የጎረቤቴ ሳሙና እየሸተተኝ፣ ልብስ ማጠቢያው እየጮኸ። ሦስት ሳምንት ያህል የእማዬ ስልክ ተበላሽቷል ተባልኩ፣ ጋሼ ነው የሚያነሣው፣ «ደህና ናት፣ ተኝታለች፣ ጎረቤት ሄዳለች»፤ እኔ ደግሞ ስልክ ማሠራት የሚያቅተው ሰው ብዬ በሆዴ ሰደብኩት። ከዚያ እማዬ መጣች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፣ «ጉንፋን ነው» አለች፣ በስተኋላዋ የጋሼ ልጆች ይጣላሉ። ልጆቹ ምን ይሠራሉ እዚያ? «መጥተው ነው።» በሚቀጥለው እሑድም መጥተው ነው። በየሳምንቱ መጥተው ነው። ፊትሽን ላየው ስላት «ካሜራ አይሆነኝም፣ ያስረጀኛል» ትላለች፣ እኔም ስቄ አልፋለሁ፣ ማለፍ ለምጃለሁ፤ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ እሷም ብታየኝ አልወድም፣ ከጀርባዬ ያለውን ክፍል ብታይ ዶክተር የት አለ ትል ነበር። እንዲህ ተዋውለን ነው የኖርነው፣ አንተ አታሳየኝ፣ እኔም አላሳይህ። ሐሙስ ለታ ግን ከጓንቱ ጋር ተጣልቼ ስመለስ የሆነ ሰውን ማሸነፍ አማረኝ፣ ማንን፣ ጋሼን ነዋ፣ ሌላ ማን ይሸነፍልኛል፣ «የግድግዳውን ፎቶ ላክልኝ፣ እማዬ አጠገቡ ትቁም፣ ስንጥቁ አለማደጉን በቁጥር ላሳይህ» ብዬ ጻፍኩለት። ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ኋላ ላከ። እማዬ ቆማለች፣ ሹራቧን ለብሳለች፣ እጇን አጣምራ ፎቶ አንሺውን ትገላምጠዋለች፣ ከኋላዋ ስንጥቁ ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ታች ይወርዳል። የጫማው ጫፍም አለ።

ለካሁት። መስኮቱን ጋሼ ነው የሠራው፣ ልክ አንድ ሜትር ስፋት፣ በሁለቱም ፎቶ ላይ አለ፣ እሱን መለኪያ አደረግሁ። ከአራት ወር በፊት በላከው ላይ ስንጥቁ ሰማንያ አራት ሴንቲ ሜትር ነበር። ሐሙስ በላከው ላይ ስድሳ አንድ። ሳቅሁ፤ ቀጥ አድርጎ ማንሣት እንኳ አይችልም፣ አጋድሞት ይሆናል ብዬ አቃናሁትና ደግሜ ለካሁ፣ ስድሳ አንድ። በስፋት ሳይሆን በመስኮቱ ቁመት ለካሁ፣ ስድሳ ሁለት። አልጋዬ ላይ ወጣሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ስድሳ አንድ። ስንጥቅ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ባለበትም ይቆማል፤ ስንጥቅ አያጥርም። ልጥፍ ለጥፎበት ይሆናል አልኩ፣ ልጥፍ ያስታውቃል፣ የለም። እንግዲያው ፎቶው የሐሙስ አይደለም፣ የአምናው ነው፣ ስንጥቁ ገና ልጅ ሳለ የተነሣ። አዲስ አንሣ ያልኩት ሰው አሮጌ የሚልክልኝ ለምንድን ነው? ግንበኛው ወንድሜ፣ ኢንተርኔት ማለት የማይችለው፣ እኔን አታለለኝ፣ ያውም ሦስት ወር ሙሉ። መናደድ ነበረብኝ፣ ንዴቱ ግን አልመጣም፣ በንዴቱ ቦታ ፍርሃት መጣ፣ ፈራሁ፣ አርብ ሙሉ ቀን ስልኩን ኪሴ ውስጥ ይዤ አልደወልኩም። እናቴ ሞታ ድምፅዋን የሚያስመስል ሰው አምጥተው ይሆን የሚል እብደት ሁሉ አሰብኩ፤ ባለፈው እሑድ ራሷ ናት፣ ስለ ጉልበቷ የቀለደችው ራሷ ናት፣ ስለ ጉልበቷ ለምን ቀለደች?

ስንዴው አለቀ። ከዚህ በኋላ ሰበብ የለኝም፣ የመጣሁበትን ልክፈተው፣ የዚያን ጊዜውን ፋይል ነው፣ አራት ወር ያልነካሁትን። ሦስተኛው ፎቶ። ይኸው ቀያዮቹ መስመሮቼ፣ ይኸው ሁለት ሜትር ሲቀር የሚያልቁት፣ ይኸው የጫማው ጫፍ፣ ይኸው በስተግራ ቧንቧዬ፤ ግራጫ። ለምን ግራጫ ሆነ? ሌላው ጭቃ እንዳለ ጭቃ ነው፣ ይህ ብቻ ተቀብቷል። መዳፊቱን አስጠጋሁበት፤ «ሥር ያልሆነ ነገር» አለኝ። ያቺ ሳጥን። ምልክቱን አነሣሁ፣ እንደገና ቁጠር አልኩት፣ እባክዎ ይጠብቁ አለ፣ አራት ደቂቃ፣ እናቴ በዚያ ቤት እንድትተኛ የፈረድኩበት አራት ደቂቃ፣ ከዚያ ቀዩ መስመር ከሾላው ተነሣ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወፍራሙን ይዞ፣ አልተበተነም፣ አልቆመም፣ ግድግዳው ሥር ገባና ፎቶው አለቀበት። ያውም ዓይን ላለው ሰው ቅርፊቱ ይታያል። ጠባሳው ይታያል፣ ዶማ የነካው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ማሽኑ አልዋሸም፣ ያልኩትን ነው የሠራው፣ ከሁለት ሚሊ በላይ ሥር የለም በለኝ አልኩት፣ የለም አለኝ፤ ጓንቱ ይህንን ቢሰማ ሰባተኛ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፣ ይጻፍ፣ እውነቱን ነው። ሽፋሽፍት ቆጥሮ ክንድ የሚያክል ሥር የሚዘልል ሰው ምን ይባላል? ስድብ ፈለግሁለት፣ ለሌላው ሰው ሁሉ በሽ በሽ ነበር፣ ለዚህ ሰውዬ ግን የሚመጥነው አጣሁ። ደወልኩ።

«ሃሎ ሃሎ ሃሎ! ዶክተር! በቅዳሜ? በሰላም ነው?»

«ጋሼ፣ የት ነህ?»

«ቤት ነኝ።»

«እማዬ ቤት ሂድና ግድግዳው አጠገብ ቆመህ አንድ ፎቶ አንሣልኝ።»

«አሁን እንኳ... አሁን እንግዳ አለብኝ። ሐሙስ ላክሁልህ አይደል?»

«የላክኸው የአምና ነው። ስንጥቁ ከድሮው ያጠረ ነው። ስንጥቅ አያጥርም ጋሼ።»

ልጆቹን «ውጡ እስቲ ውጡ» ሲል ሰማሁ፣ በር ተዘጋ።

«ግድግዳው የለም» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ። «ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ወደቀ። ሊነጋ ሲል ነው። ወደ ውስጥ ነው የወደቀው።»

«እማዬ ላይ?»

«ዳሌዋን ነው ያገኛት። ጭንቅላቷን አልነካም፣ እግዜር ይስጠው አልጋው ነው የያዘው። ሐኪም ቤት ተኛች። አሁን እኮ ትቆማለች! ምርኩዝ ሠርቼላታለሁ፣ እዚሁ እኔ ጋ ናት።»

እኔ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ አንድ ነገር ብያለሁ፣ ድምፅ አውጥቻለሁ፣ ምክንያቱም ጋሼ «አይዞህ፣ አይዞህ እንጂ» ማለት ጀመረ፤ ያን ሁሉ የተሸከመው እሱ ሆኖ አይዞህ ይለኛል። በዚህ መሀል ከሩቅ «ስጠኝ ወዲህ» የሚል ድምፅ መጣ፣ ምርኩዝ ሲሚንቶ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ቀስ እያለ፣ አንድ፣ ከዚያ ቆይቶ ሌላ።

«አንተ ልጅ፣ ወንድምህን ምን አድርግ እያልከው ነው?»

«እማዬ፣ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሱ ሊነግርህ ነበር። እኔ ነኝ አትንገረው ያልኩት።»

«ለምን?»

«መሳሳት አትችልበትም ልጄ። ሌላው ሰው ይሳሳታል፣ ይቅርታ ይላል፣ ራቱን በልቶ ይተኛል። አንተ ከልጅነትህም አትችልበትም። ዶሮዋ የታቀፈችው አሥራ ሁለት እንቁላል ነው ብለህ ቆጠርክ፣ አሥር ሆኖ ሲገኝ ሁለቱን ጋሼ በልቶት ነው አልክ። ገረፍኩት። ኋላ ነው የገባኝ፣ ያቺ ዶሮ መቼ አሥራ ሁለት ታቅፋ ታውቃለች። እሱም እየተገረፈ አልተናገረም፣ አንተም እስከ ዛሬ አልተናገርክም።»

«እማዬ...»

«ቆይ ልጨርስ። እዚህ ብትሆን ኖሮ በነጋታው ጠርቼ ፍርስራሹን አሳይህ ነበር፣ እግዜር ያውቃል እሰድብህም ነበር። እዚያ ግን ብቻህን ነህ። ብቻውን ያለ ሰው ይህንን ሰምቶ ምን ይሆናል ብዬ ነው። በል አሁን አታልቅስ፣ ስልኩ ይቆጥራል። ዛሬ እስከ በሩ ደርሼ ተመልሻለሁ። ስንት ሜትር እንደሆነ ወንድምህን ጠይቀው፣ ሜትር ያለው እሱ ነው።»

ምርኩዙ እየራቀ ሄደ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ላይ ከንፈሬን ስመጥ፣ ፕሮፌሰሯ ላይ፣ ጓንቱ ላይ፣ ሃሎ ሃሎ ላይ፣ እነሱ ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ቁጭ ብለው የእኔን ሥራ ከእኔ ይደብቁልኝ ነበር፤ የአምና ፎቶ እየፈለጉ፣ ልጆቹን ዝም እያሰኙ፣ ጉንፋን ነው እያሉ። አፈርኩ። ሌላ ስም የለውም፣ አፈርኩ።

«አለህ?» አለ ጋሼ።

«ያን ቀን ልትነግረኝ የፈለግኸው ምን ነበር? ስነካው ብለህ ነበር።»

«እሱማ... በዶማው ጫፍ ነካ ሳደርገው ወተት አወጣ። ቧንቧ ወተት አያወጣም ብዬ ልነግርህ ነበር። ሥራ ላይ ነኝ አልክ።»

«ሥራ ላይ አልነበርኩም።»

«ይሁን፣ አለፈ። ኋላ ከፍርስራሹ ሥር አወጣሁት። አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ሆነ፣ ለአንተ ይጠቅምሃል ብዬ ጽፌ አስቀምጬልሃለሁ።»

«ጋሼ፣ እንቁላሉን አልበላህም።»

«የትኛውን እንቁላል?» አለ፣ ከዚያ ገባው፣ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «አሁን እሱን ተወውና፣ ዶክተር...»

«ዶክተር አትበለኝ። አይደለሁም። ሥር አጥባለሁ እኔ።»

«እሺ ዶክተር። እኔ የምለው፣ ሾላው እስካሁን እንደቆመ ነው። ግድግዳውን እንደገና ላቆም መሠረት ቆፍሬያለሁ፣ እሱን ሳልወስን ድንጋይ ማስቀመጥ አልችልም። እማዬ ደግሞ አሁንም የአንተ ቃል ሳይመጣ አይነካም እንዳለች ናት። ምን ይሁን ትላለህ?»

አሁንም። ግድግዳው ወድቆባት፣ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ አሁንም የእኔን ቃል ትጠብቃለች። ኮምፒውተሩ ላይ ቀዩ መስመር እንደተጋደመ ነው፣ መልሱም ምላሴ ላይ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳልተነፍስ ልናገረው እችላለሁ፣ ቁጥር እየጠራሁ፣ ጋሼም ከዚያ ማዶ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ይለኛል።

«አላውቅም» አልኩት።

«እ?»

«አላውቅም ጋሼ። ግድግዳውን የምታቆመው አንተ ነህ። አንተ ምን ትላለህ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፣ ይቆጥራል፤ ያኔ ነው የገባኝ፣ በዕድሜዬ ይህን ሰው ምንም ነገር ጠይቄው አላውቅም። ከዚያ ወንበር ሲጎትት ሰማሁ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እንግዲህ» አለ፣ «መጀመሪያ ያየሁት ስንጥቁን አልነበረም። በሩ ነበር መዝጋት እምቢ ያለኝ...»

እኔም ወንበሬን ሳብኩና ማዳመጥ ጀመርኩ።